ሕፃን በፖሊስ ጣቢያ፦ መብቱን ማን ይንገረው፣ እንዴትስ ይንገረው?



በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ በቤታችንም ሆነ በአደባባያችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ነገር ግን በከተማም በገጠርም በሚገኙ የፖሊስ ጣቢያዎች ዘወትር የሚያጋጥም ነው፤ ይኸውም አንድ ሕፃን በወንጀል ተጠርጥሮ በተያዘ ጊዜ፣ ገና ቃሉን ሳይሰጥ፣ ገና ከዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ሕግ የሰጠውን መብት ማን እንደሚነግረውና በምን ዐይነት አነጋገር ሊነገረው እንደሚገባ ነው። የምናገረው በመጀመሪያ ለፖሊስ አባላት፣ ቀጥሎም ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ሲሆን፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ የተቀመጡ ልጆች ካሉም ከንግግሩ መካከል ለእነርሱ ብቻ የተዘጋጀ ቃል ስላለ፣ እባካችሁ አታስወጧቸው።

የነገሩ መሠረት በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። በአንቀጽ 19 እንደ ተደነገገው፣ በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ማንኛውም ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ፣ እርሱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠውም ቃል በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊገለጥለት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ሊቀርብ ይገባል፤ በግዴታ እንዲያምን ማድረግ ክልክል ነው፤ በግዴታ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። እነዚህ ድንጋጌዎች ለሰው ሁሉ የተሰጡ ሲሆኑ ሕፃኑም በእነርሱ ሥር ይጠለላል፤ ከዚህም በላይ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ስለሚያዝ፣ በአንቀጽ 9 መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ፣ በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 10 የተቀበልነው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ለዐዋቂው ከተሰጠው በላይ ሌላ ጥበቃ ለሕፃኑ ጨምሮለታል። ይህ ስምምነት ሕፃንን መያዝና ማሰር ሌላ መንገድ ሁሉ ከታጣ በኋላ የሚወሰድ የመጨረሻ ርምጃ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲሆን ያዝዛል፤ የተጠረጠረበትንም ነገር በቀጥታ ለራሱ ለልጁ፣ እንደ ሁኔታውም በወላጆቹ ወይም በሞግዚቱ አማካይነት እንዲነገረው ያስገድዳል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነ፣ ከወላጆቹ ርቆ ከተማ ገብቶ በሊስትሮነት የሚኖር አንድ ልጅ፣ ከደንበኞቹ አንዱ ስልኬን ሰረቀኝ ብሎ ስላመለከተበት፣ ቡሩሹና ቀለሙ ያለበትን ሣጥን እንዳንጠለጠለ ወደ ጣቢያ ገባ እንበል። መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ያዘዘውን ለመፈጸም የሚፈልግ፣ ነገር ግን በዚያ ቀን ብዙ መዝገብ የተደራረበበት ሰው ነው። ስለዚህ የተጠርጣሪ ቃል መቀበያውን ወረቀት ከፍቶ፣ በላዩ የሰፈረውን ቃል እንደ ዳዊት ደጋሚ ባንድ ትንፋሽ ይወጣዋል፦ «በሕገ መንግሥቱ መሠረት ያለመናገር መብት አለህ፤ የምትሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብብህ ይችላል፤ ገባህ?» ልጁም «አዎ ጋሼ» ይላል። በወረቀቱም ላይ መብቱ ተነግሮት እንደ ተረዳ ይጻፋል።

ያ «አዎ» ከየት እንደ መጣ ማጤን ይገባናል። በእኛ ሀገር አስተዳደግ ልጅ ታላቁ ሲናገር ሊያቋርጥ፣ ሲጠየቅ ሊያመነታ፣ አልገባኝም ብሎ ሊከራከር አይፈቀድለትም፤ ታላቅ ሰው «ገባህ?» ሲለው ከጨዋ ልጅ የሚጠበቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም የሚመልሰው ነገሩን ስለ ተረዳ ሳይሆን ጠያቂውን ስለሚያከብር ወይም ስለሚፈራ ነው። ዝም ባለ ቍጥር «አፍ የለህም ወይ?» እየተባለ ሲገሠጽ የኖረ፣ ዝምታውም አንድ ጊዜ እንደ ንቀት፣ ሌላ ጊዜ እንደ ጥፋተኛነት ምልክት ሲቈጠርበት ያደገ ልጅ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ባለ ሥልጣን ከፊቱ ተቀምጦ ዝም የማለት መብት አለህ ቢለው፣ ቃሉን በጆሮው ይሰማል እንጂ ምሥጢሩን በልቡናው አያገኘውም። ይህን ስል አስተዳደጋችንን መንቀፌ አይደለም፤ ታላቅን ማክበር ከአበው የወረስነው መልካም ሀብት ነው፤ ነገር ግን ይኸው ግብረ ገብ በምርመራ ክፍል ውስጥ ልጁን ራሱን የሚከላከልበት ነገር ስለሚያሳጣው፣ መብቱን የሚነግረው ሰው ይህንን ዐውቆ ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ከዝምታውም የሚብስ አለ፤ እርሱም ያላደረጉትን ማመን ነው። በቤት ያጠፋ ልጅ ጥፋቱን አምኖ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ካለ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ በቤተ ክርስቲያንም ከንስሐ አባቱ ፊት ኃጢአቱን የተናዘዘ ምእመን ቀኖናውን ተቀብሎ ሥርየት ያገኛል፤ ካህኑም የሰማውን በልቡ ሰውሮ ይይዘዋል እንጂ ለሌላ አይገልጥበትም። በጣቢያ የሚሰጥ ቃል ግን ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ወይም በጣት አሻራ ታትሞበት፣ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ወደ ዐቃቤ ሕግና ወደ ዳኛ ይሄዳል። ልጁ ይህንን ልዩነት ማንም ሳይነግረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ «እመንና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ካለው ጉጉት የተነሣ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ይፈርማል፤ የማያውቀውንም ጓደኛ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለው ማባበል በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 በግልጥ የተከለከለ ነው፤ ማስፈራራትም፣ ተስፋ መስጠትም፣ ማናቸውም ሌላ ያልተገባ ዘዴ እንደዚሁ። የተያዘን ሰው ማንገላታትና ማሠቃየት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 መሠረት ድርጊቱን የፈጸመውን ባለ ሥልጣን ራሱን በወንጀል ያስጠይቀዋል።

እንግዲህ መብቱ እንዴት ይነገረው? በቅድሚያ ልጁ ይቀመጥ፤ መርማሪውም ቆሞ ከበላዩ አይናገረው። የራበው፣ የጠማው ወይም እንቅልፍ የጣለው እንደ ሆነ ይታይለት፤ የሚያለቅስ ከሆነ ልቅሶው እስኪያባራ ይጠበቅ፤ በልቅሶ መካከል የተነገረውን ነገር ተነግሮታል ብሎ መመዝገብ እውነት አይሆንምና። ከዚያም የሕጉን ሐረግ ትቶ፣ ልጁ በየቀኑ በሚናገርበት አነጋገር፣ ባጫጭር ቃል፣ እንዲህ ሊለው ይችላል፦

«እኔ ፖሊስ ነኝ። እዚህ የመጣኸው ሰውየው ስልኬን ወስዶብኛል ስላለ ነው። እኔ ወስደሃል አላልኩም፤ አልወሰድክም ብዬም አላልኩም። እሱን የሚወስነው ዳኛ ነው። ስለ ስልኩ ስጠይቅህ ከፈለግክ ትመልሳለህ፤ ካልፈለግክ ዝም ትላለህ። ዝም ብትል አልቆጣም፣ ባለጌ ነህም አልልህም። የምትነግረኝን ግን እጽፈዋለሁ፤ የጻፍኩትንም ዳኛው ያየዋል። ከመናገርህ በፊት እናትህን ወይም አባትህን ማግኘት ትችላለህ። ጠበቃ ማለት አንተን ወክሎ የሚከራከርልህ ሕግ ዐዋቂ ነው፤ እሱንም ማግኘት ትችላለህ። ለማን እንድደውልልህ ትፈልጋለህ?»

ይህን ከተናገረ በኋላ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅን ይተው። በዚያ ፈንታ «እኔ አሁን ያልኩህን አንተ ደግሞ መልሰህ ንገረኝ» ይበለው። ልጁ የተረዳውንና ያልተረዳውን ማወቅ የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው፤ «ዝም ካልኩ አትመታኝም ብለሃል» ብሎ ቢመልስ፣ ከሰማው ሁሉ የያዘው የፍርሃቱን ክፍል ብቻ መሆኑ ይታወቃልና፣ ተስፋ ሳይቈርጡ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ያስፈልጋል። ልጁ በራሱ አፍ የመለሰው ቃል እንዳለ በመዝገቡ ላይ ቢሰፍር፣ በሕግ የታዘዘ ልማድ ባይሆንም እንኳ፣ ለልጁም ለሐቀኛው መርማሪም ከታተመው ዐረፍተ ነገር ይልቅ የታመነ ምስክር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለልጆች። ፖሊስ ቢይዛችሁ አትሩጡ፤ አትማቱ። ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የቤተሰባችሁን ስልክ በትክክል ተናገሩ፤ ስለዚህ ቢቻል የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የስልክ ቍጥር ከአሁኑ በቃላችሁ አጥኑ። «ለምንድን ነው የያዛችሁኝ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ያልገባችሁን ነገር «አልገባኝም» በሉ፤ ዐሥር ጊዜም ቢሆን በሉ። ስለ ነገሩ መልስ መስጠት ካልፈለጋችሁ «እናቴ እስክትመጣ አልናገርም» ማለት ትችላላችሁ፤ በትሕትና ከተናገራችሁት ይህ ስድብ አይደለም። ያላደረጋችሁትን ለመለቀቅ ብላችሁ አደረግሁ አትበሉ። ወረቀት ላይ ፈርሙ ወይም አሻራ አድርጉ ብትባሉ መጀመሪያ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ እናንተ ያላላችሁት ነገር ከተጻፈበትም አትፈርሙ። የመታችሁ ሰው ካለ ለዳኛው ንገሩ፤ ዳኛው ይህንን መስማት ሥራው ነው። ደግሞም መያዝ ማለት ጥፋተኛ መሆን ማለት አይደለም።

ወደ ታላላቆቹ ልመለስ። ሕፃኑ የሚጠበቅበት ሕግ እንደ ዕድሜው ይለያያልና፣ ይህን ሳይለዩ ስለ መብቱ መናገር አይቻልም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም ወደ ሞግዚቱ ይመለሳል እንጂ በተጠርጣሪነት በማረፊያ ቤት የሚቈይበት ምክንያት የለም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለው በአንቀጽ 53 መሠረት ለዐዋቂዎች የተደነገገው ቅጣት አይጣልበትም፤ ከዐዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ በሞት ሊቀጣ ግን ከቶ አይችልም። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣቶች ልዩ ምዕራፍ ስላልታቀፉ፣ ጺማቸው ማቆጥቆጥ ስለ ጀመረም፣ በብዙ ጣቢያ እንደ ጎልማሳ ይቈጠራሉ፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ሕፃን ስለሚለው፣ ለዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሊስትሮ የተናገርነው የአነጋገር ጥንቃቄ ለዐሥራ ሰባት ዓመቱም ጐረምሳ የሚገባ ነው።

ስለ ዘጠኝ ዓመቱ ወሰን አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ አልሻም። ይህ ወሰን በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይለወጥ የተወሰደ ነው። በሰባት ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ይህንን ልጅ ተከሳሽ ብሎ መጥራት፣ ልዩ ርምጃ እንጂ መደበኛ ቅጣት የማይጠብቀው ቢሆንም እንኳ፣ በእኔ አስተያየት ከርትዕ የራቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጣው ማብራሪያ መንግሥታት ይህንን ወሰን ቢያንስ ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ከፍ እንዲያደርጉ አሳስቧል። ሕግ አውጪዎቻችን ነገሩን እንዲመለከቱት በዚህ አጋጣሚ በትሕትና እንለምናለን።

ነገር ግን የዕድሜው ወሰን ምንም ያህል ቢሻሻል፣ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነገር ከሌለ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ነው። በመላ ሀገሪቱ የልደት ምዝገባ በአንድ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ፣ ከዚያም በኋላ ከተወለዱት ጥቂት የማይባሉት የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ልጁ ዕድሜውን ሲጠየቅ የሚመልሰው በግምት ነው፤ እናቱም «የበልጉ ዝናም የቀረ ዓመት» ወይም «የታላቅ እኅቱ ሠርግ በሆነ በሁለተኛው ዓመት» ትላለች እንጂ ቀን ቈጥራ አትነግራችሁም። መርማሪው መልኩን አይቶ «ዐሥራ ስድስት ይሆናል» ብሎ ይጽፍና፣ ያች ባንድ ቅጽበት የተጻፈች ቍጥር ከዚያ በኋላ በየመዝገቡ እየተገለበጠች ትሄዳለች፤ ልጁ በየትኛው ክፍል እንደሚያድር፣ በየትኛው ሥነ ሥርዓት እንደሚዳኝ የምትወስነው እርስዋ ትሆናለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ሸክም የተሸከመና ፀሐይ የመታው ልጅ ፊቱ ከዕድሜው ቀድሞ ያረጃል፤ ስለዚህ መልክን አይቶ ዕድሜ መገመት የድኻውን ልጅ ይጐዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ተይዞ ወደ ጣቢያ ስትሄዱ ከሁሉ አስቀድማችሁ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ እርሱ ከሌለ የክርስትናውን ካርድ፣ የክትባት ካርዱን፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ የመዝገብ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ሁሉ የታጣ እንደ ሆነ ልጁ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ጠይቁ። በዚያም ብዙ ጊዜ የእጁ አጥንት በራጅ ይታያል፤ ይህ ምርመራ ትክክለኛውን የልደት ቀን የሚያሳይ ሳይሆን ዕድሜውን በአንድና በሁለት ዓመት ልዩነት የሚገምት ነው፤ በምግብ እጦት ያደገ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ስለሚጠነክርም ግምቱ ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል። የምርመራው ውጤት ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ቢል፣ ጥርጣሬው ለልጁ ጥቅም ሊተረጐም ይገባል።

ዕድሜው ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የት ይቈያል የሚለው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዝዛል፤ ምርመራውም እንዴት እንዲካሄድ ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። እንግዲህ 48 ሰዓት የተባለው ለማንም ሰው የተወሰነ የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ ሕፃኑን ሁለት ሌሊት ለማሳደር የተሰጠ ፈቃድ ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ ዐርብ ማታ የተያዘ ልጅም ሰኞ እስኪደርስ በጣቢያ መቈየት የለበትም፤ ተረኛ ችሎት ባለበት ቦታ ቅዳሜ ጠዋት ሊቀርብ ይገባል። ነገሩ በዚያው ዕለት ካላለቀ ይኸው አንቀጽ ልጁ ለወላጁ፣ ለሞግዚቱ ወይም ለዘመዱ፣ እነርሱ ከታጡም ለሌላ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የተረከበውም ሰው በቀጠሮው ቀን ይዞት የመቅረብ ኃላፊነት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የዋስትና ገንዘብ ፍለጋ ከዘመድ ዘመድ ሲዞሩ ይውላሉ። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ሕጉ የጠየቀው ግን ገንዘብ ሳይሆን ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከዳኛው ፊት ቆማችሁ «ልጄን ተረክቤ በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ» በሉ።

ችሎቱም ቢሆን እንደ ዐዋቂዎቹ ዐውደ ፍርድ በአደባባይ የሚውል አይደለም። በአንቀጽ 176 መሠረት ጉዳዩ በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ በዝግ፣ ነገር በማያካብድ አኳኋን ይታያል፤ ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጆችና ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ወኪሎች በቀር ሌላ ሰው አይገባም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያልቀረበለት ልጅ እንደ ሆነ፣ ወይም ክሱ ከዐሥር ዓመት በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል የሚመለከት ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 174 መሠረት ጠበቃ ይመድብለታል።

አሳዳጊ ስንል ግን ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ከገጠር በደላላ መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የእመቤትዋ የወርቅ ሀብል ጠፍቶ ተጠርጥራ ተያዘች እንበል። ወደ ጣቢያ ይዘዋት የመጡት አሠሪዋ ናቸው፤ አቤቱታውን ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው፤ ፖሊሱ «የልጅቱ አሳዳጊ ማነው?» ሲል ደግሞ «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የማሳድራት» የሚሉት እኒያው ናቸው። ልጅቱ አማርኛ በቅጡ ካልሰማች የሚያስተረጕሙላትም እሳቸው ወይም ጎረቤታቸው ይሆናሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በወረቀት ላይ ሁሉም የተሟላ ይመስላል፤ አሳዳጊ ተገኝቷል፣ አስተርጓሚ ተገኝቷል፤ በእውነቱ ግን ልጅቱ ከከሳሽዋ በቀር አጠገብዋ ማንም የለም። ከሳሽ የሆነ ሰው በአሳዳጊነትም በአስተርጓሚነትም ሊቆም አይገባም። መርማሪው የወላጆችዋን ቀበሌ ጠይቆ ማስፈለግ፣ እነርሱ እስኪገኙ በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ከሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንዲገኝላት ማድረግ፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ገለልተኛ ሰው መፈለግ አለበት። ፍተሻም የሚያስፈልግ ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 እንደ ታዘዘው በሴት እንጂ በወንድ አትፈተሽም።

የማረፊያ ክፍሉን ነገር ደግሞ ባጭሩ እንናገር። ሕፃናት ከዐዋቂዎች ተለይተው እንዲቈዩ የሚያዝዘው ሕግ ግልጥ ነው፤ ለሕፃናት የተለየ ክፍል የሌላቸው ጣቢያዎች ግን ጥቂቶች አይደሉም። ክፍል የለንም ማለት ግን ልጁን ከዐዋቂዎች ጋር ለማሳደር ምክንያት አይሆንም፤ ክፍል ከሌለ ልጁ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ ወይም በተረኛው መኰንን ፊት ለፊት፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ይቈይ። በጣቢያ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ቤተሰቡ በምሳ ዕቃ የሚያመላልስለትን ስንቅ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነው ልጅ ከሌሎች እስረኞች ፍርፋሪ ጠባቂ ይሆናል፤ ስለ ምግቡም የሚያደርጉለትን ውለታ በምን እንደሚያስከፍሉት እግዚአብሔር ይወቅ። ስለዚህ ልጁን የያዘው መንግሥት ሊመግበው ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረትም የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጐበኙት ልጁ መብት አለው።

የልጁንም ፎቶግራፍ በቴሌቪዥን ወይም በፌስቡክ ማውጣት ክልክል መሆኑን ጣቢያዎች ሁሉ እንዲያስታውሱ እንጠይቃለን፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 የሕፃኑ ምሥጢር ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ በየደረጃው እንዲጠበቅ ያዝዛልና።

ይህ ሁሉ ተጥሶ ልጁ ከዳኛ ፊት ሳይቀርብ 48ቱ ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነስ? በመጀመሪያ የጣቢያውን አዛዥ፣ ቀጥሎም በዚያ ጣቢያ የተመደበውን ዐቃቤ ሕግ በአካል አነጋግሩ፤ ልጁ የተያዘበትን ቀንና ሰዓትም በጽሑፍ ያዙ። መልስ ያጣችሁ እንደ ሆነ «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርቡ፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የማይገሠሥ መብት ተብሎ የተደነገገ ሲሆን፣ አቀራረቡም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተጽፏል። ልጁ ራሱ ማመልከት ባይችል ሌላ ሰው ስለ እርሱ በቃለ መሐላ አስደግፎ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ልጁን የያዘው ባለ ሥልጣን ልጁን ይዞ እንዲቀርብና የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዝዛል። አቤቱታውን ለመጻፍ ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ ከሌላችሁ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በብዙዎቹ የተከፈቱት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ያለ ዋጋ ይጽፉላችኋል፤ በፖሊስ በደል ደርሶበት ከሆነም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ትችላላችሁ።

ክቡራን አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ይፈጸማል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ባላቸው ልጆች ላይ ስለሚወሰዱ ርምጃዎች፣ ስለ ተግሣጽ፣ በቤትና በትምህርት ቤት ተወስኖ ስለ መቈየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ስለ መግባትም እናስረዳለን።